ፍርሃት ንስሐ ይሆናልን?

ከመካከላችን አንዱ ከአንዲት ልጅ ጋር በመሳሳሙ ብቻ «ኤች አይ ቪ ይዞኛል» ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ቫይረሱ በምራቅ፣ በመተቃቀፍ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት እንደማይተላለፍ ብንነግረው አላመነንም። ተመረመረና «ነጻ ነህ» ተባለ፤ በሳምንቱ ደግሞ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ለመሆኑ የሚፈራው በሽታውን ነው ወይስ ሥራውን? እኛ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆበታል እንላለን። የደም ጥያቄ መልስ አለው። በእርግጥ የሚያሰጋ ነገር የደረሰበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት ለመጀመር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የዘገየም ቢሆን ከ90 ቀን በኋላ ተመርምሮ ነጻ ከተባለ ውጤቱን ይመን። የኅሊና ጥያቄ ግን በመርፌ አይመለስም።

በሽታን እንደ ቅጣት መጠበቅ ንስሐ ይመስላል እንጂ ንስሐ አይደለም። እንዲያውም ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሁሉ፣ ሲወለዱ የያዛቸውን ሕፃናት ሳይቀር፣ «ተቀጡ» ብሎ መፍረድ ነው። ስለዚህ ደማችንን ለሐኪም፣ ኅሊናችንን ለንስሐ አባታችን እናሳይ፤ የሁለቱንም ቃል ሰምተን እንረፍ።