ወይን የሌለበት ወይና ደጋ

ለመሆኑ የአንድ መጠጥ ጣዕም የማን ሥራ ነው? የምድሩና የአየሩ ወይስ የጠማቂው? ጥያቄው የመሸታ ቤት ጨዋታ ቢመስልም፣ ምስጋናና ዋጋ ለማን እንደሚገባ የሚመረምር የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል ለዚህ ምርመራ ምቹ ናት። የቆመችው ወይና ደጋውና ደጋው በሚገናኙበት ከፍተኛ ምድር ላይ ነው። «ወይና ደጋ» የሚለው ስም ወይንን በጉያው ይዟል። በአማኑኤል ዙሪያ ለዓይን የሚሞላው ግን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ አለ፤ ሐረጉ የለም።

ምክንያቱ ከአየሩ ጠባይ ይጀምራል። ሙቀት በወይን ፍሬ ውስጥ ስኳሩን ሲያበዛ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት ደግሞ ኮምጣጣነቱን ጠብቆ ያቆያል። የሞቃት አገር ወይን ጠጅ ብርቱ፣ የቀዝቃዛው አገር ቀጠን ያለና ስል የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ኬክሮስ ባሉት የታወቁ የወይን አገሮች የክረምቱ ብርድ ተክሉን ያስተኛዋል። በ10 ዲግሪ ሰሜን ግድም ለምትገኘው አማኑኤል እንዲህ ያለ የእንቅልፍ ወራት አልተሰጣትም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብም ሻጋታን ያራባል፣ ፍሬን ያበሰብሳል።

ነገር ግን አየር ብቻውን ፈራጅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ዝዋይ፣ የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ የመጀመሪያ ጠጁን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቧል። እንዲህ ባለው ሞቃት አገር ክረምት የማያስተኛውን ተክል ገበሬው በመግረዝና መስኖውን በመመጠን ያሳርፈዋል፤ ክረምቱን እንኳ የሰው እጅ ይሠራዋል ማለት ነው።

በጎጃም ደጋ የወይን ጠጅን ስፍራ የያዘው የማር ጠጅ ነው። ወይኑን የሚያበሰብሰው ያው ዝናብ ማሩን ይወልዳል። ክረምቱ ሲያባራ አደይ አበባና ኑግ ሜዳውን ቢጫ ያለብሱታል፤ ንቡ ከዚያ ይቀስማል፤ ቀፎው በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። የደጋው ብርድ የጠጁን መፍላት ስለሚያዘገየው፣ ጠማቂዋ ከቆላ እኅቷ ይልቅ መታገሥ አለባት፤ የጌሾውንም ምሬት መመጠን የእርሷ ፈንታ ነው። (የቤተ ክርስቲያኑ ወይንም ቢሆን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ነው፤ ሐረጉ የሌለበት አገር ፍሬውን ደርቆ ይቀበለዋል።)

ፀሐይና ዝናብ አይለፉም፣ ስለዚህም ምስጋና አይገባቸውም። ምስጋናው ጠባያቸውን አጥንቶ ለሠራው ሰው ነው። የቦታው ስም ግን ከአንድ ሰው ሥራ ይሰፋል፤ ብዙ ትውልድ በአንድ አየር ሥር ደክሞ ያከማቸው የጋራ ሀብት ነው። ፈረንሳይ በ1935 እ.ኤ.አ. የወይን ጠጆቿን የቦታ ስም በሕግ ማስጠበቅዋ ከዚህ የተነሣ ነው። ማሩን በስኳር በርዞ «የጎጃም ማር» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴም የሚያታልለው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ ያላየውን የቀፎ ባለቤት ሁሉ ይሰርቃል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። በቡርጎኝ፣ በቦን ከተማ፣ ወይን የሚለቀምበት ቀን ከ1354 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል፤ ከ1988 ወዲህ ለቀማው በአማካይ 13 ቀን ያህል ቀድሟል። አየሩ ሲለወጥ ሕጉ የጠበቀው ስም በቦታው ይቆያል፤ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ይህ ጥያቄ አማኑኤልንም አይምርም። ዝናቡ ተዛብቶ ቀፎው በሚጎድልበት ዓመት፣ ጠማቂዋ ሁለት መንገድ አላት፤ ስኳር ጨምራ ጋኑን በዱሮው ስም ትሞላለች፣ ወይም ያገኘችውን ማር ጠምቃ ከወትሮው ቀድማ በሯን ትዘጋለች። ሁለተኛውን የመረጠች ሴት ልጆቿን የምታበላው በምን እንደሆነ፣ ስለ ጠጁ ክብር የሚከራከረው ጠጪ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ጥቂቱን ብርሌ ከቀድሞው አስበልጦ መክፈል ይችላልና።