ሁለት ደዌ በአንዲት እናት ላይ



የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! ዛሬ ልንጽፍላችሁ የተነሣነው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው። ከመካከላችን የአንዲቱ እናት፣ ሁላችንም እማማ እያልን የምንጠራቸው፣ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው ሰማን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሁለቱም ጡቶቻቸው መሆኑ ተነገረን። እኛም ሳንጠይቅ «አንዱ ወደ ሌላው ተዛመተ» ብለን ደመደምን።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ከሁለቱም በኩል ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ለየብቻቸው የተነሡ፣ ጠባያቸውም የማይገናኝ ሁለት ካንሰሮች ሆነው ተገኙ። የቀኙ ወተት ከሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የጀመረ ነው፤ እንደ ጠጠር ሆኖ በእጅ ይዳሰስ ነበር። የግራው ወተቱ ከሚመነጭባቸው ጥቃቅን ክፍሎች የተነሣ ነው። የዚህኛው ዓይነት ሴሎች ተራ በተራ ተሰልፈው ሰርገው ስለሚገቡ ብዙ ጊዜ እብጠት ሆኖ አይዳሰስም፤ በማሞግራም ራጅም በቀላሉ አይለይም። እማማ በቀኙ ጠጠር ምክንያት ባይመረመሩ ኖሮ የግራውን ማን ያውቀው ነበር?

መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። የቀኙ ሄር-ቱ የሚባል ፕሮቲን የበዛበት ስለሆነ ከኬሞቴራፒ ጋር ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ ይሰጣቸው ጀመር፤ ይህም ለ1 ዓመት ያህል ነው። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ልባቸው በየጊዜው ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ዋጋው ግን የብዙ ቤተሰብ አቅም የሚችለው አይደለም። (ማን ስንት እንዳዋጣ እዚህ አንጽፍም።) የግራው በሴት ሆርሞን የሚያድግ ነው። ለእርሱ የታዘዘው ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን ሲሆን ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ ይዋጣል።

እንግዲህ ወደ ጥፋታችን እንምጣ። ከትምህርት በኋላ ዛፉ ሥር ተሰብስበን «ሁለት ካንሰር በአንድ ጊዜ? ምን በደል ቢኖርባቸው ነው?» ተባባልን። ማን እንደ ጀመረው አይጠቅምም፤ ዝም ያልነውም ሰምተን ነው ዝም ያልነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አጠገቡ በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር። እግዚአብሔር የተቆጣቸው አፋቸውን ከፍተው ስለ ተናገሩት ነው። እኛ ግን ሰባት ደቂቃ እንኳ አልቆየንም።

ከዚያም ከጥቂት ወራት በኋላ የቀኙ ጠጠር እንደ ቀለጠ ሰማን። ደስ ብሎን ቤታቸው ሄድን፤ ገና ከበሩ ሳንገባ እልልታችንን አቀለጥነው። እማማ ነጠላቸውን ፀጉር በሌለው ራሳቸው ላይ አስተካክለው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ «ልጆቼ፣ ለቀኜ እልል በሉ። የግራዬ ግን ብዙም አልተነካም። ለእርሱ ደግሞ አብራችሁኝ ፍሩ» አሉን። አንገታችንን ደፋን። ምስጋናና ፍርሃት በአንድ ልብ፣ በአንድ ሰዓት አብረው ሊቀመጡ እንደሚችሉ እስከዚያ ቀን ማንም አላስተማረንም። እኛ «እምነት ካለዎት አይፍሩ» ልንላቸው ተዘጋጅተን ነበር የሄድነው።

ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ነው። ሁለቱም ጡቶቻቸው በቀዶ ሕክምና ከወጡና ክኒኑ ከተጀመረ በኋላ ከእኛ አንዱ «ጸበል እየተጠመቁ ክኒን መዋጥ አለማመን ነው» አላቸው። እማማም ክኒኑን 9 ቀን አቋረጡ። ልጃቸው አይታ አለቀሰች፤ ወደ ንስሐ አባታቸውም ሮጠች። አባታችን መጥተው በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት አስተማሩን። ኢሳይያስ የንጉሥ ሕዝቅያስ ጸሎት መሰማቱንና 15 ዓመት መጨመሩን ከነገረው በኋላ እንኳ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዝዟል። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒቱን የፈጠረው፣ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። አባታችን ለእማማ ጸበሉንም ክኒኑንም እንዳይተዉ ነገሯቸው፤ በሕመማቸው ምክንያት ከጾም ፈቷቸው። ስለዚህ በጾም ጠዋት ውኃ ይዘው ክኒን ሲውጡ ያየ ሰው አያንሾካሹክ።

ሐኪሙ በሁለቱም ጡቶች ካንሰር ሲገኝ በዘር የሚተላለፍ ምክንያት ሊኖር ስለሚችል ሴት ልጃቸውም ቀርባ እንድትማከር ነግሯቸዋል። እኅታችን ለብቻዋ መሄድ ፈርታለች። ከእኛ ሁለት ሴቶች አብረዋት ሊሄዱ ተስማምተዋል።

ትራስቱዙማቡ 4 ጊዜ ይቀረዋል። በየተራው ሁለት ሁለት ሆነን እንሸኛቸዋለን፤ አንዱ ወረቀትና ካርድ ይይዛል፣ ሌላው አጠገባቸው ይቀመጣል። እማማ ከፈለጉ መዝሙረ ዳዊት ይነበብላቸዋል፤ ካልፈለጉ ዝም ይባላል። የሚቀጥለው ተራ ሐሙስ ነው፤ አንድ ሰው ጎድሎናል።