ጀግናው ማን ነው?
በፊልም ስለሚተረክ ጀግንነት



ወጣቶቻችን ስለ ጀግንነት ከስብከት ይልቅ ከፊልም መማር ከጀመሩ ውለው አድረዋል። ፊልም ማየት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ክርክር አንቆይም። የሚያሳስበን ፊልሙ ጀግና የሚለው ማንን እንደ ሆነ ነው።

ከደጃችን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ የቀረበው «ኢንዱራንስ» የአሰላውን ልጅ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት ይተርካል። ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ ነው። አተራረኩ ምዕራባውያን የለመዱት ነው፤ በአንድ ብላቴና ምኞት ያድርበታል፣ አባቱ ይቃወማሉ፣ ልጁ ይጸናል፣ በ1996 በአትላንታ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያጠልቃል። ታሪኩ እውነት ነው፤ እኛም ኮርተንበታል። ይሁን እንጂ በዚህ አካሄድ አባት የልጃቸው እንቅፋት ሆነው ይቀራሉ። የአርሲን ደጋ የሚያውቅ ሰው ግን 10 ልጆች የሚያሳድግ ገበሬ ከእርሻው ላይ አንድ ጉልበት ሲያጣ ምን እንደሚጎድልበት አይስተውም። ገብስ በሩጫ አይታጨድም!

ቻይናዊው ዣንግ ዪሙ በ2002 የሠራው «ሂሮ» ሌላ መንገድ ይዟል። ስም የለሹ ሰይፈኛ የቺንን ንጉሥ ሊገድል 10 እርምጃ ያህል ከቀረበ በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ንጉሡ የሚዋጉትን መንግሥታት አንድ አድርጎ ሰላም ያመጣል ብሎ በማመን ራሱን ለሞት ይሰጣል። ራስን ስለ ብዙዎች መስጠት ነውና ለክርስቲያን ጆሮ የወንጌል ድምፅ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደለም። በቀራንዮ የተሰቀለው የማንንም ምድራዊ ዙፋን ለማጽናት አልሞተም። በፊልሙ ግን የሰይፈኛው ሞት የሚያጸናው ዙፋኑን ነው፤ ሰላሙ የሚነገርለት ሕዝብ ሲጠየቅ አናይም።

የእኛ አገር ታሪክ ሦስተኛ ዓይነት ሰው ያሳየናል። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ስለ ካቶሊካዊ እምነታቸው ታስረው፣ አገርን አንድ ለማድረግ የተነሡትን የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት በሰንሰለት እንዲከተሉ ተደርገው በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። በንጉሡ ላይ ሰይፍ አላነሡም፤ ስለ አንድነት ተብሎም ኅሊናቸውን አላስረከቡም። ያጨበጨበላቸው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ የሰየመቻቸው 71 ዓመት ቆይታ፣ በ1926 ነው። የመዘነችው ታማኝነታቸውን ነው፤ ድል አድርገው እንደ ሆነ አልጠየቀችም።

በዚህ ሚዛን ወደ አሰላው ፊልም ብንመለስ፣ ዓይናችን ካሜራው ችላ ወዳለው ማሳ ይሄዳል። «ኢንዱራንስ»ን ለወጣቶች የሚያሳዩ መምህራን ስለ ወርቁ ከመወያየታቸው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡላቸው እንመኛለን፦ ልጁ ሲሮጥ በዋለበት ቀን እርፉን የጨበጠው ማን ነበር?