ኩሉን ከማሽላው ማማ ላይ

ጥቅምት ሲገባ ወሎ፣ ሲሪንቃ ውስጥ ዋናው ሥራ ወፍ መጠበቅ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የወፍ መንጋ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ከማሳው መሐል ማማ ይተከላል፣ ወንጭፍ ይዘጋጃል፣ ቀኑም እዚያው ይመሻል። በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት አጎቴን ላግዝ ማማው ላይ ስወጣ ስልኬ ላይ አንድ አዲስ አልበም ጭኜ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በመስከረም ያወጡት ነው። የ81 ዓመቱ አዛውንት በወጣትነታቸው የደረሷቸውን ሙዚቃዎች በዚህ አልበም እንደገና ተጫውተዋቸዋል።

ደስ አለኝ። ወዲያውም ቀዘቀዝኩ።

ይህ ስሜት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንጋፋ ሙዚቀኛ አዲስ ሥራ ባወጣ ቁጥር አድማጩ “እንኳን ለዚህ አበቃው” ይልና ትንፋሹን ሳይውጥ “የድሮው ግን...” ብሎ ይጀምራል። አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ2019 “ጨዋ”ን ስታወጣም ከወልድያ መርሳ በምመላለስበት ሚኒባስ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሹፌሩ አዲሱን በኩራት ይከፍታል፤ ሁለት ዘፈን ከሄደ በኋላ ወደ ድሮው አልበሟ፣ ወደ “ካቡ” ዘመን ይመለሳል። አዲሱን የነቀፈ ተሳፋሪ የለም፤ ሲቀየርም ይመለስልን ያለ የለም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያቀዘቅዘን?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጨዋወቱን ነበር። እጅ ያረጃል፤ ቫይብራፎን ደግሞ የሚመታ መሣሪያ ነው። ግን ደጋግሜ ስሰማው ጥርጣሬዬ ጸንቶ አልቆመም። አልበሙ ከለንደኑ ባንዳቸው ጋር የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ገብተውበታል። እኔ “ዋናው” የምለው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው “ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ”፣ የተቀዳው ኒው ዮርክ ነው፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾችም የዚያው ከተማ ሰዎች ነበሩ። የአገሬ ድምፅ ጎደለ ብዬ እንዳልከራከር አዲሱ ከአሮጌው ይበልጥ የአገሬ ነው።

ቀጥሎ “አንጋፋ ሰው የድሮውን ለምን ይደግማል፣ ለምን አዲስ አይሠራም?” ብዬ አሰብኩ። ይህን ስል ኃይሉ መርጊያ ትዝ አሉኝ። በዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 “ቼ በለው” በተባለው የሙዚቃ ሸክላ ስማቸው የገነነው ኃይሉ፣ በኋላ ዋሽንግተን ቀርተው ለብዙ ዓመት የደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነድተዋል። ደንበኛ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው ሻንጣ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 “ላላ በሉ”ን ሲያወጡ ከሰባ ዓመት አልፈው ነበር። ያንን አልበም ስሰማ ቅዝቃዜ የሚባል አልነካኝም፤ እስኪነጋ ነው የሰማሁት። እዚያ ላይ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። “ቼ በለው”ን በልጅነቴ አልሰማሁትም። የሙላቱን ሥራዎች ግን ከዚሁ ማሳ ዳር፣ በአጎቴ ሬዲዮ፣ በዝግጅቶች መሐል ስሰማቸው ነው ያደግኩት። እንግዲያው ቅዝቃዜውን ይዤው የመጣሁት እኔው ነኝ።

ይህ መልስ ሊያሳርፈኝ ሲል “ኩሉን” መጣ። “ኩሉን ማን ኳለሽ” የሰርግ ዘፈን ነው። ሙላቱ በ1972ቱ አልበም ወደ ኢትዮ ጃዝ አመጡት፤ በአዲሱም ተመልሶ አለ። በእኛ አገር ጥር ሲገባ ሴቶች በከበሮ ያወርዱታል፤ አወራረዱም እንደየቤቱ ነው። የትኛው ቤት የሚዘፈነው ትክክል ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ቅኝቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ባቲና አምባሰል በአቅራቢያችን ያሉ የሁለት ቦታዎች ስም ነው፤ አምባሰልን የሚጫወት አዝማሪ ደግሞ የትናንቱን ግጥም ዛሬ ቢደግም ያፍራል። “ትክክለኛው ኩሉን” የሚባል ነገር የሰጠኝ ሸክላውና ካሴቱ ነው። በ1972 አንዲት የሲሪንቃ አክስት ያን የኒው ዮርክ ቅጂ ብትሰማ፣ ዛሬ እኔን የነካኝ ቅዝቃዜ እሷንም ይነካት ነበር። እዚህ ስደርስ የአድማጭ ቅሬታ ሁሉ ስሕተት ነው ብዬ ልዘጋው ነበር።

ያልዘጋሁት ከማማው በታች ባለው ማሽላ ምክንያት ነው።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ፣ ግራና 1፣ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከወረዳችን ከሀብሩ ነው። ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ስንቱን ቤት ከረሃብ እንደሚያተርፍ ለወሎ ሰው አይነገረውም። ገበሬው ግን የድሮዎቹን ዝርያዎች፣ ጅጉርቲንና ደገሌትን፣ አልተወም። ከሩቅ ላየው ግትርነት ይመስላል። ቀርቦ ለጠየቀው መልሱ አገዳው ነው፦ ረጅሙ የድሮ ማሽላ ፍሬው ከተሰበሰበ በኋላ ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር፣ ለቤት ይሆናል። አጭሩ ዝርያ ይህን ሁሉ አይሞላም። “የድሮው ይሻላል” ሲሉ በጣት የሚያሳዩት ነገር አላቸው።

ታዲያ የድሮው ሙዚቃ አገዳው የቱ ነው? ሳስበው አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መተንፈስ ይመስለኛል። እነ አምሃ እሸቴ ሸክላ ባሳተሙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975፣ ሙዚቀኞቹ አብረው ይቀዱ ነበር፤ ሳክስፎኑ ትንሽ ቢቀድም ቀድሞ ይቀራል። ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋው ባንዶቹ ሳሱ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ቦታ ውሎ አድሮ አንድ ኪቦርድ ያዘው። ይህ የወጣትነት ናፍቆት የፈጠረው ቅዠት አይደለም፤ በእርግጥ የጠፋ ነገር ነው። አዲሱ የሙላቱ አልበም ላይ ሳክስፎንና ትራምፔት ተመልሰዋል። እያንዳንዱ ድምፅ ግን ታጥቦ፣ ለብቻው ተሰጥቶ ነው የሚሰማኝ።

ለአጎቴ ነገርኩት። እሱ ሁለቱንም ይዘራል፤ ሚያዝያ ላይ ከዘነበ ጅጉርቲን፣ ዝናቡ እስከ ሐምሌ ከዘገየ ግራናን። “አብሽር፣ ክፈተውና ልስማው” አለኝ። የምወደውን፣ የ1972ቱን “ኩሉን” ከፈትኩለት። ወንጭፉን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

“ጥሩ ነው” አለ። “ሴቶቹስ የታሉ?”

መንጋው ከወንዙ በኩል ተነሥቶ ነበር። እሱ ለድንጋይ ጎንበስ ሲል አዲሱን ከፈትኩለት።