«ቀልዴን እኮ ነው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤

ቋንቋችን ለሳቅ ያዘጋጀው ስም ብዙ ነው። ጨዋታ፣ ቀልድ፣ ተረብ እንላለን፤ ፌዝ፣ ቧልት፣ ሽሙጥ፣ ስላቅም እንላለን። አባቶቻችን ይህን ሁሉ የለዩት ሳቅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ስላወቁ ነው። በጨዋታ ቀላጁም የተቀለደበትም አብረው ይስቃሉ። ሽሙጥ የምስጋና ልብስ ለብሶ ይወጋል። በስላቅ ግን አንዱ ሲስቅ ሌላው አንገቱን ይደፋል።

ቅዱስ መጽሐፍ ሳቅን አይነቅፍም። ጠቢቡ ለልቅሶ ጊዜ እንዳለው ሁሉ ለሳቅም ጊዜ እንዳለው ተናግሯል (መክ. 3፥4)። የይስሐቅ ስም ራሱ ከሳቅ የወጣ ነው፤ ሣራም በእርጅናዋ ሳቅ ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጣት መስክራለች (ዘፍ. 21፥6)። ነገር ግን ሕፃኑ ጡት በጣለበት ግብዣ ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ የአጋር ልጅ ሲዘብት ታየ (ዘፍ. 21፥9)። በዕብራይስጡ ሁለቱም ሳቅ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የመጀመሪያው ቤቱን በደስታ ሞላው፤ ሁለተኛው ግን ቤቱን ከፈለው።

መጽሐፈ ምሳሌም ባልንጀራውን ጎድቶ «በጨዋታ ነው» የሚለውን ሰው እሳትና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል (ምሳ. 26፥18-19)። «ቀልዴን እኮ ነው» የሚለው የዛሬው ማመካኛ ከዚህ አይለይም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህን በስደት ኑሯችን እንመርምረው። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ስንሰበሰብ፣ በዚህ ሀገር የተወለደ ልጅ «እናቴ መጣ» ይላል። አንዱ ታላቅ ሰው ድምፁን አስመስሎ ይደግምለታል፤ ገበታው ሁሉ ይስቃል። ክፋት ታስቦ አይደለም፤ ልጁም በዕለቱ አብሮ ይስቅ ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ግን በአማርኛ ሲጠይቁት በሀገሩ ቋንቋ ይመልሳል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ወላጆቹ ዓመታት የደከሙበትን የአንድ ደቂቃ ሳቅ ያፈርሰዋል። በቅርብ የመጣው እንግዳ በአለባበሱ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣችው እናት በአነጋገሯ ሲሳቅባቸውም እንዲሁ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ኤፍሬማውያንን የለዩት አንዲት ቃል አጥርተው መናገር ባለመቻላቸው ነበር፤ የወደቁትም 42 ሺህ ናቸው (መሳ. 12፥6)። ወንድምን በአንደበቱ ከወገን መለየት መጨረሻው ምን እንደሆነ እንይ። ሙሴ ኮልታፋ ነበር (ዘጸ. 4፥10)፤ ጴጥሮስንም በካህናቱ አለቃ ግቢ ያጋለጠው አነጋገሩ ነው (ማቴ. 26፥73)። እግዚአብሔር ግን አንዱን ሕዝቡን እንዲያወጣ፣ ሌላውን በጎቹን እንዲጠብቅ ሾመው። ጌታችንም ቀይ ልብስ አልብሰው በፊቱ እየተንበረከኩ ተዘባብተውበታል (ማቴ. 27፥28-29)። ስለዚህ በሚሳቅበት ሰው ጎን የቆመው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

እንግዲህ ቤታችን ጨዋታ የሌለበት ይሁን ማለታችን ነውን? አይደለም። ወዳጅ ከወዳጁ ካልተቀላለደ ስደቱ ይከብዳል። ሐዋርያው ንግግራችን በጨው የተቀመመ እንዲሆን አዝዟል (ቆላ. 4፥6)። ጨው ወጥን ያጣፍጣል፤ በቁስል ላይ ሲነሰነስ ግን ያቃጥላል። መለኪያው ይህ ነው፤ ከቀልዳችን በኋላ ያ ሰው ወደ እኛ ይቀርባል ወይስ ይርቃል? ከራቀ፣ «ቀልዴን ነው» ከማለት «ይቅር በለኝ» ማለት ይሻላል፤ ለሕፃንም ቢሆን።

በመጪው እሑድም ልጁ «እናቴ መጣ» ቢል «እናትህ መጣች? እሰይ፣ እንኳን ደኅና መጣች!» እንበለው። ቃሉ ይታረማል፤ ልጁም አያፍርም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።