ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ አባቶች ትዕግሥት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ነቢዩ ዘካርያስ በ8ኛው ምዕራፍ ስለ ኢየሩሳሌም መጽናናት ሲናገር፥ በአደባባይዋ የሚጫወቱትን ልጆች የሰላምና የምሕረት ምልክት አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ የልጅ ጨዋታ እግዚአብሔር የባረከው ነገር እንደ ሆነ ከዚህ እናስተውላለን።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደ ተረከው፥ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ እለ እስክንድሮስ ወደ ባሕር ዳር ሲመለከት፥ ሕፃናት የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት እያስመሰሉ ሲጫወቱ አየ። ጳጳስ ሆኖ ጓደኞቹን ያጠመቀው ሕፃን አትናቴዎስ ነበረ። ሊቀ ጳጳሱ አስቀድሞ ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ቀጥሎም አስጠርቶ ምን እንዳደረጉና ምን እንደ ተናገሩ ጠየቃቸው። እነርሱም በመጀመሪያ ፈርተው ቢክዱ፥ በኋላ ሁሉን ነገሩት። ሥርዓቱን ሳያጓድሉ መፈጸማቸውን በተረዳ ጊዜ፥ ከካህናቱ ጋር ተማክሮ ጥምቀቱ እንዳይደገም ወሰነ፤ ልጆቹንም ለቤተ ክርስቲያን እንዲያሳድጓቸው ለወላጆቻቸው አደራ ሰጠ። ያ ሕፃን አድጎ በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ፤ ለአገራችንም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ የላከልን እርሱ ነው። በዚያ ቀን በበትር ተባርሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርብን እንደ ነበረ እናስብ።

እኛ ግን ልጅ እንጨቱን መቋሚያ አድርጎ ሲያሸበሽብ፥ ነጠላ ደርቦ ሲቀድስ ባየን ጊዜ «ተሳለቀ» ብለን እንገርፈዋለን። ልጅ የሚያስመስለው የወደደውን ነው፤ ስለዚህም የተገረፈ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያንንና በትርን አንድ አድርጎ ያስባል፤ በጐለመሰም ጊዜ ይሸሻታል። ንዋየ ቅድሳትን እንዳይነካ መከልከል ይገባል፤ ክልከላው ግን በፍቅርና በማስረዳት ይሁን።

ወላጆች ሆይ፤ ስልካችሁን አኑራችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። በሆሳዕና ከዘንባባው ቀለበትና መስቀል አብራችሁ ሥሩ። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ፥ አባቶች ድምፁን በደብረ ታቦር በተሰማው በአብ ድምፅ፥ ችቦውንም በዚያ በተገለጠው ብርሃን እንደሚመስሉት ንገሯቸው። ሲጠይቁ መልሱላቸው፤ ሲሰለቹ ተዉአቸው። አብራችኋቸው መዋላችሁ ራሱ ትምህርት ነውና ጨዋታውን ሁሉ ስብከት አታድርጉት።

ወንጌላዊው ማርቆስ በ10ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈልን፥ ሕፃናት ወደ ጌታችን በቀረቡ ጊዜ የተገሠጹት ከልካዮቹ ናቸው፤ ሕፃናቱ ግን ታቅፈው ተባረኩ። እኛም ከከልካዮቹ ወገን እንዳንገኝ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።