ስለ ኖባ ክርስትና መጥፋትና ስለ ንጉሡ መልስ

ከአስዋን ጀምሮ ወደ ላይ፥ ነጩና ጥቁሩ ዓባይ ከሚጋጠሙበት ስፍራ አልፎ ያለው ምድር፥ ከ6ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ድረስ የክርስቲያን አገር ነበረ። በዚያም ኖባድያ፥ ማኩርያና አልዋ የሚባሉ ሦስት መንግሥታት ነበሩ፤ ከተሞቻቸውም ፋራስ፥ ዶንጎላና ሶባ ይባሉ ነበር። ዛሬ ግን የኖባ ሕዝብ እስላም ነው፤ የቀድሞው ሃይማኖት ምልክት በፍርስራሽና በአሸዋ ሥር ካልሆነ በቀር አይታይም። ይህ ነገር የግድ መሆን ነበረበትን? ወይስ በሰው እጅ ሊመለስ ይችል ነበር? ሁሉን ለፈቃደ እግዚአብሔር ሰጥቶ ዝም ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የስንፍና መጋረጃ ነው። የፈቃዱ ምስጢር ለእርሱ ቢተው እንኳ የሰው ድርሻ ይመረመራልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰዎች ፈጥነው የሚሰጡት መልስ ሰይፍ ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በ652 ዐብደላ ኢብን ሰዕድ ከግብጽ ወጥቶ ዶንጎላን በከበበ ጊዜ፥ የኖባ ቀስተኞች የጠላትን ዓይን እየለዩ ስለ ወጉ ዐረቦች ድል ሳያደርጉ በውል ተመለሱ። ባቅጥ የተባለው ይህ ውል፥ አንዳንድ ጊዜ ቢጣስም፥ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። ስለዚህ ሰይፍ ብቻውን ያጠፋት ቢሆን ኖሮ ኖባ ገና በማለዳዋ ትጠፋ ነበር።

ሁለተኛው መልስ፥ ሃይማኖቱ በባዕድ ቋንቋ ስለ ተሰበከ በሕዝቡ ልብ ሥር አልሰደደም የሚል ነው። ይህ ስለ ቅርጣግና ቤተ ክርስቲያን፥ መጽሐፏም ቅዳሴዋም በሮማይስጥ ስለ ነበረ፥ ምናልባት ይነገር ይሆናል። ኖባ ግን ከጽርእ ፊደል ጥቂት ጨምራ የራሷን ፊደል አበጅታ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን በገዛ ቋንቋዋ ጽፋለች። በፋራስ ካቴድራል ግድግዳ ላይ የነበሩትን ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎች፥ የአስዋን ግድብ ውሃ ሳይውጣቸው በ1961 እና በ1964 መካከል የፖላንድ ሊቃውንት አውጥተዋቸዋል፤ እኩሌቶቹ በዋርሶ፥ እኩሌቶቹ በካርቱም ይገኛሉ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ጥቁር ፊት ያላቸው የአገሩ ጳጳሳትና ነገሥታት፥ ቅዱሳኑ ከኋላቸው ቆመው እጃቸውን ጭነውባቸው ይታያሉ። ራሱን እንዲህ አድርጎ የሣለ ሕዝብ ሃይማኖቱን እንደ ተውሶ ልብስ ያያል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው መልስ ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ይህም እውነት አለበት። በ1276 የግብጹ ሡልጣን ቤይባርስ በዶንጎላ የወደደውን ሰው አነገሠ፤ በ1317 ደግሞ የነገሥታቱ አዳራሽ መስጊድ ሆነ። በኖባ ሕግ ዙፋን ለእኅት ልጅ ያልፍ ነበርና፥ የንጉሥ እኅት ያገባ ዐረብ ልጁን ያለ ጦር ማንገሥ ቻለ። ሆኖም ንጉሡ ሲለወጥ ሕዝቡ ወዲያው አልተለወጠም። በ1372 ጢሞቴዎስ የሚባል ጳጳስ በግብጽ ተሹሞ ወደ ኖባ መጥቷል፤ በቅብጥና በዐረብ ቋንቋ የተጻፈው የሹመቱ ደብዳቤም በቀስር ኢብሪም ከዐፅሙ ጋር ተገኝቷል። እስከ 1484 ድረስም ዮኤል የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ በዶታዎ እንደ ነበረ ከጽሕፈት ይታወቃል። እንግዲህ የዙፋኑ መውደቅ ቤተ ክርስቲያንን አቈሰላት እንጂ አልገደላትም።

የቀረው አራተኛው ምክንያት ነው፤ ክህነት መድረቁ። ኖባ ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ ትቀበል ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋና የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስትጨነቅ ጳጳስ የሚሾምላት አጣች። ጳጳስ ከሌለ ካህን የለም፤ ካህን ከሌለ ሕፃኑን የሚያጠምቅ፥ ሙታንን የሚፈታ የለም። ማንም ሳያሳድዳት፥ አባት ሲሞት ልጅ ሳይተካ፥ ዝም ብላ እንደ ምንጭ ትደርቃለች።

በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ከኖባ የመጡ መልእክተኞች በዐፄ ልብነ ድንግል ፊት ቆመው ካህናትና መነኮሳት ሲለምኑ እንዳየ ጽፏል። በአገራቸው ገና 150 አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉም ከአንድ ሶርያዊ መስማቱን ይናገራል። ንጉሡም፥ እኔ ራሴ ጳጳሴን የማመጣው ከእስክንድርያ ነው፤ የሌላ የሆነውን እንዴት እሰጣችኋለሁ፥ የሚል መልስ ሰጡ።

ይህ መልስ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ቀኖና ነው፤ ኢትዮጵያ በኒቅያ ስም በተጻፈው ሥርዓት ከገዛ ሊቃውንቷ ጳጳስ እንዳትሾም ተከልክላ ነበርና፤ የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችውም በ1959 ነው። ወርቁ ግን ሌላ ነው። መልእክተኞቹ የለመኑት ካህናትን ነበር፤ በዚያው ዘመን ደግሞ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ክህነት ሲቀበል ያው አልቫሬዝ ዐይቶ ተደንቋል። ካህን በሞላበት አገር የካህን እጦት ምክንያት ሆኖ ቀረበ።

ደግሞም የቆየ ዕዳ ነበረ። ከዚያ በፊት አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከፓትርያርኮቹ ጋር ተቀያይሞ፥ አገሩም በአንዲት ንግሥት እጅ ጠፍቶ ያለ ጳጳስ በቀረ ጊዜ፥ የለመነው የኖባውን ንጉሥ ጊዮርጊስን ነው። ጊዮርጊስም ወደ አባ ፊላታዎስ ጽፎ አማለደ፤ ዳንኤል የሚባል መነኩሴም ጳጳስ ሆኖ ተላከ። ጊዮርጊስ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልነበረውም፤ ከልብነ ድንግል በዚህ አይበልጥም። ያደረገው ብዕር ማንሣት ብቻ ነው።

ለንጉሡ የሚከራከር ሰው ቃል አያጣም። የግዕዝ ካህን የኖባን ቋንቋ አያውቅም፤ ሶባም በዚያን ጊዜ ወድቃ፥ ከ1504 ጀምሮ ፉንጆች በስናር ነግሠው ነበር፤ ኢትዮጵያም ራሷ ከ1529 ጀምሮ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ለመልሱ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ በዚያች ዕለት ማንም የሚመጣውን አያውቅምና። የተላኩት ካህናት ኖባን በሙሉ ያድኑ ነበር ለማለትም ማንም አይደፍርም። ከ150ው አንዲቱ ገዳም ብትተርፍ ግን፥ ልጆቻቸውን ከሩቅ አምጥተው የሚያስጠምቁባት በር ትኖር ነበር፤ በግብጽ ከብዙ መከራ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የቀረችው በእንዲህ ያሉ ገዳማት ነውና።

መልእክተኞቹ ያለ ካህን ወደ አገራቸው ተመለሱ።